የአባባ ፎቶ ተገልብጦ ሲሳል

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ? ያ ሲነሳብሽ የሚያስለቅስሽ ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ እማማ፣ ቤቱ በሙሉ እንዴት ናችሁ? ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚህ ላይ እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልፈው ነበር። ዛሬ ግን ደንግጫለሁ። ከሥር ከመሠረቱ ልንገርሽ፣ አለዚያ ልጁ ለየለት ትያለሽ።

እንደምታውቂው የልብስ ፋብሪካው ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ነኝ። አለቃችን ሰው መሳል የሚችል ካለ ወደ ንድፍ ክፍል አዛውረዋለሁ ካለ ወዲህ ሥራዬ ሁሉ ሥዕል ሆኗል። አሮጌ መጽሐፍ ሻጩን የሰው አካል የሚያሳይ መጽሐፍ ስጠኝ ብዬ ብጠይቀው የሐኪሞች መጽሐፍ አሸክሞ ሰደደኝ። የአጥንቱንና የጡንቻውን ስም በቃሌ ያዝኩ፤ የሳልኩት ሰው ግን ቆዳው የተገፈፈ በግ መሰለ። ቀጥዬ የቆሙና የተቀመጡ ሰዎች ፎቶ የሞላበት ሌላ መጽሐፍ ገዛሁ። ከዚያ ላይ ስቀዳ ደግሞ ሁሉም ቆንጆ፣ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ሆኑብኝ።

እሁድ እሁድ ሥዕል የምታስተምረን መምህራችን ሁለቱንም መጽሐፍ አይታ ሳቀች። እሷ ያሳየችኝ መጽሐፍ ቀጭን ነው፤ የሰውን ደረት አንድ ሳጥን፣ ዳሌውን ሌላ ሳጥን አድርጎ፣ ክብደቱ የትኛው እግር ላይ እንዳረፈ በአንድ መስመር አሳይቶ ያስጀምራል። ይህን ሳትጨርስ ሌላ እንዳትገዛ፣ የሐኪሞቹን ግራ ሲገባህ ብቻ ክፈተው፣ የቀረውን ሰው እያየህ ተማር አለችኝ። እኔም አውቶቡስ ማቆሚያ ቆሜ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እርሳሴን ዘርግቼ ሰው ስለካ፣ አንዱ ጎልማሳ ምን ታነጣጥርብኛለህ ብሎ ሊማታ ተነሳ። የሥራ ጓደኞቼ ሥዕሎቼን ራስ ያለው ቁም ሳጥን ይሏቸው ነበር፤ አሁን ትንሽ ሰው መምሰል ጀምረዋል።

ወደ አስደነገጠኝ ነገር ልምጣ። መምህራችን የምትወዱትን ሰው ፎቶ አምጡና ራሱን ወደ ታች ገልብጣችሁ ሳሉት አለችን። የምናውቀውን ፊት ስንስል እጃችን ያየነውን ትቶ የለመድነውን ይስላል፤ ሲገለበጥ ግን መስመር ብቻ ነው የሚታየን። እኔም በቅርቡ የላክሽልኝን፣ አባባ የሱፍ ኮቱን ለብሶ የአናጢነት ሥራ ቤቱ በር ላይ የተቀመጠበትን ወሰድኩ። እንዴት አምሮበታል እያልኩ ለሰው ሁሉ ያሳየሁት ፎቶ ነው። እየለካሁ ስዬ ጨረስኩና ወረቀቱን ሳቃናው ክው ብዬ ቀረሁ። ቀኝ ትከሻው ወርዷል። ከንፈሩ በዚያው በኩል ዝቅ ብሏል። እጆቹን ያጣመረ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ግራው ቀኙን ደግፎ ይዞታል። አበላሸሁት ብዬ ላጲስ ሳነሳ መምህሯ እጄን ያዘችኝ። ፎቶውንና ሥዕሉን አስተያየችና «ልክ ነው የሳልከው። እኚህ ሰው ታመው ነበር እንዴ?» አለችኝ።

አባቴን ጉንፋን እንኳ አይደፍረውም ብዬ ተቆጣኋት። ከዚያ እርሳሱን አየሁት። አባባ ዕድሜውን ሙሉ እርሳስ የሚሰካው ቀኝ ጆሮው ላይ ነው፤ ፎቶው ላይ ግን ግራው ላይ ነው። ተመስገን፣ ፎቶው ሲታተም ግራና ቀኙ ተቀያይሮ ነው፣ የተበላሸ ፎቶ ደግሞ አይታመንም አልኩ። ግን እትዬ፣ እኔ ኮት ስቆርጥ የምውል ሰው ነኝ። የወንድ ኮት ግራው በቀኙ ላይ ነው የሚደረበው። የአባባ ኮትም በደንቡ ተደርቧል። ፎቶው አልተቀያየረም። ያየሁት ሁሉ እውነት ነው፤ የአባባን ቀኝ ጎን ሕመም መትቶታል።

በደወልኩ ቁጥር አባባ እንጨት ሊመርጥ ወጥቷል፣ ደንበኛ ጋ ሄዷል ያልሽኝ ሁሉ ያኔ ገባኝ። ይህን ያህል የሚመረጥ እንጨትስ ከየት መጣ? መናገር አቅቶት ነው አይደል? ኮቱን ያለበሰችው እማማ ናት፤ ፎቶ አንሺውን በዚህ በኩል ቁም ያልሽው አንቺ ነሽ። ልጁ በሰው አገር ብቻውን አይደንግጥ ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ተናድጃለሁ። በስልክ ብጠይቅሽ ነገሩን ታለባብሺዋለሽ፣ ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ። መቼ ነው የታመመው? ይሄዳል? ይበላል? ስሜን ይጠራል? የባሰም ቢሆን አትደብቂኝ።

አንድ ነገር ብቻ ያጽናናኛል። እርሳሱን እናንተ ሰክታችሁለት ቢሆን ቀኙ ላይ ታደርጉት ነበር፤ ዕድሜያችሁን ያያችሁት እዚያ ነው። ግራው ላይ የሰካው ራሱ መሆን አለበት፣ በግራ እጁ።

እማማን ጉልበቷን ስሚልኝ፤ አልተቀየምኳትም በያት። ባለቤትሽን አባባን ስለሚደግፍልኝ አመስግኚልኝ። ትልቋን ልጅሽን ጎብዢ፣ ትንሹን ቀበጥ ደግሞ አያትህን አታድክም በያቸው። ለአባባ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢለት፤ ማወቄን ይወቅና መደበቁ ይቅርለት። በግራ እጁ አንድ መስመር አስምሮ ይላክልኝ። ጠማማ ነው ብሎ እንዳያፍር፤ የእኔም ገና አልቀናም።

ታናሽ ወንድምሽ
ከፋብሪካው ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ ሰኞ፣ የካቲት ፲፩ ቀን