የስልሳ አራቱ ወፎች የልብ ምት ይመለስ

ለባሕር ወፎች ጤና ጥናት ቢሮ ኃላፊ
ሮማ

ቀን፦ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2025

ጉዳዩ፦ «በግምት ተሞላ» ተብሎ የተሰረዘብኝ መዝገብ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ዘመናይ ጥበቡ የሮማኒና ሰፈር ነዋሪ ስሆን፣ ባለፈው ጁን ወር ቢሮዎ የባሕር ወፎች ወደሚፈለፍሉባት ደሴት በላከው ቡድን ውስጥ ወፍ ያዥና ለኪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራችን የጤነኛ ወፍ ክብደት፣ ትንፋሽና የልብ ምት ስንት እንደሆነ መዝግቦ ማስቀመጥ ነበር። ነገ በሽታ ቢገባ የታመመው የሚለየው ከዚህ ልክ ጋር ተስተያይቶ ነው።

1. በየጉድጓዳቸው እንቁላል ታቅፈው ከነበሩት ወፎች ስልሳ አራቱን እኔ ለካሁ። የእኔ ቁጥር በደቂቃ ከ140 እስከ 170 ሲሆን የባልደረቦቼ ከ280 በላይ ሆነ። የቡድኑ መሪ ዶክተር ማርያ ልዩነቱን እንዳዩ የእኔን ሰረዙት። ቀጥለውም «ቁጥሩን በግምት ሞልቻለሁ» የሚል ወረቀት ሰጡኝ። ከፈረምኩ ኮንትራቴ ይታደሳል፤ ካልፈረምኩ አይታደስም፤ ያለ ኮንትራት ደግሞ ኖቬምበር ላይ የሚያልቀውን የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ፔርሜሶዬን፣ ማሳደስ አልችልም። ወረቀቱን ሳልፈርም ከዚህ ጋር መልሻለሁ።

2. ልዩነቱ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሳልጠየቅ ልናገር። ቢሾፍቱ ዘጠኝ ዓመት የዶሮ ጤና ረዳት ነበርኩ። እኛ ዘንድ ዶሮዋ መጀመሪያ ፊቷ በጨርቅ ይሸፈናል፣ ክንፏ ተሰብስቦ ትታቀፋለች፣ ስትረጋጋ ነው የሚቆጠረው። ደሴቲቱ ላይም ያንኑ አደረግኩ። ለቤተ ክርስቲያን የምለብሰውን ነጠላ አርባ ቦታ ቆራርጬ፣ ያገለገለውን መልሼ እየቀቀልኩ ለየወፉ ንጹሕ ቁራጭ ነበር የምጠቀመው። ነጠላው አሳዝኖኛል፤ ቢሆንም አልቆጨኝም።

ጥፋት አለብኝ፣ አልደብቅም። ፊታቸውን መሸፈኔን ፎርሙ ላይ አልጻፍኩም። ወፍ የያዘ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ስለመሰለኝ፣ እጄን መታጠቤን እንደመጻፍ ሆኖብኝ ነው። ለካስ ሌሎቹ ወፏን ከጉድጓዷ ጎትተው ዓይኗ እንደፈጠጠ ይቆጥራሉ። እነሱ የጻፉት የድንጋጤን ልክ ነው። በዚያ ልክ ከሄድን ልቧ በትኩሳት የሚደልቅ ወፍ ነገ «ጤነኛ» ተብላ ትለቀቃለች።

3. ግምት ነው ለሚለው፦ ሮማ ውስጥ ስድስት ዓመት ባዳንቴ (የቤት አስታማሚ) ሆኜ የአንዲት አዛውንት እመቤት የልብ ምት ጠዋትና ማታ በማዳመጫ ቆጥሬያለሁ። ሐኪማቸው በእኔ ቁጥር መድኃኒት ይጨምሩና ይቀንሱ ነበር። ለሰው የታመነ ጆሮ ለወፍ የማይታመነው በምን ምክንያት ነው?

4. ያን ወረቀት በጣሊያንኛ ብቻ ሲሰጡኝ አንድም ሰው አላብራራልኝም፤ በልኬቱ ወቅት ሰዓት ይዛ አጠገቤ የቆመችው ተማሪ ሊዋም ናት የተረጎመችልኝ። «አሎራ፣ እትዬ ዘመናይ፣ ዝም ብለው ይፈርሙና ፔርሜሶዎን ያድሱ፤ ወፎቹ አይከሱዎት!» አለችኝ። ከፍቅር ነው፤ እኔም እፈራለሁ። ግን አልፈርምም። ይህንንም በአማርኛ የጻፍኩት አስቤበት ነው፤ የማስተርጎሙ ተራ የቢሮዎ ይሁን። ሊዋም ለመመስከር ፈቃደኛ ናት።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። ጫጩቶቹ ኦክቶበር ላይ በርረው ሳይሄዱ እኔና ዶክተር ማርያ ደሴቲቱ ላይ እንገናኝ። ያንኑ ጫጩት እሳቸው በመንገዳቸው፣ እኔ በመንገዴ እንያዘው፤ ቆጣሪውን ቢሮዎ ይምረጥ። ተሳስቼ ከተገኘሁ እዚያው ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ እፈርማለሁ። ካልተሳሳትኩ ስልሳ አራቱም፣ ጨርቁም፣ ስሜም መዝገቡ ላይ ይስፈሩ። ኮንትራት መከልከል የቢሮዎ ሥልጣን ነው። ያልዋሸሁትን ዋሸሁ ማሰኘት ግን የማንም ሥልጣን አይደለም።

መልስዎን በጽሑፍ እየጠበቅኩ፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ዘመናይ ጥበቡ
(ፊርማ)