ለምኖ የመጣው አብዮተኛ

ታዴ፣ የልጆቼ አባት፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ሮቢ ወንዝ ጎርፉን ጨርሶ መጥራት ጀምሯል፤ ማሾውም ከየማሳው ተለቅሞ ገብቷል። ሙቀቱ ግን እንዳለ ነው። አንተ በዚህ ወቅት ፍራሽህን ጎትተህ በረንዳ ላይ ትተኛ ነበር። አሁን እዚያ ላይ የልጅህ የኢዮብ የውሃ ሞተር ተቀምጧል። ቤቱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ ብቆጣውም «ነገ አነሳዋለሁ» ይለኛል። የጓሮውን የኒም ዛፍ ነፋስ ጣለው፤ በቦታው ፓፓያ ተክያለሁ። ልጅህ ሽንኩርቱ ቢቀናውም ትዳር ያዝ ስለው መስማት አይፈልግም። እኔ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ።

ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ግን የቤት ወሬ ልነግርህ ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት ሰፈራችን ውስጥ አንድ ነገር ተነሳ። አንተ ብትኖር የምትናገርበት ነበር። ስላልነበርክ እኔ ተናገርኩ። በሰው መሀል ቆሜ ስናገር አስበው! ከአፌ የወጣው ግን ካንተ ጋር የኖርኩት ዕድሜ ስለነበረ፣ ከመጣህበት ቀን ጀምሬ ላንሳው።

የዘመቻ ተማሪዎች ሆናችሁ ቀወት ስትደርሱ እኔ ልጅ እግር ነበርኩ። ካኪ ለብሳችኋል፤ ጎፈሬያችሁ አቧራ ጠጥቷል። ከሁሉም ያንተ ድምፅ ይሰማ ስለነበር አዋጁን እንድታነብ አንተን መረጡ። አገሩ ሁሉ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። መሬት የሕዝብ ሆነ አልክ። ጭሰኝነት ቀረ አልክ። አባቴ ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ ከሰው ኋላ ቆሞ ነበር። የጎረቤታችን የሰይድ አባት፣ ካመረተው እኩሌታውን ለአባቴ ሲያስረክብ የኖረው ሰውዬ፣ ተንበርክኮ አፈሩን ሳመ። ያን ደስታ ሐሰት ነበር ብለህ አታውቅም፤ እኔም አልልም። እኔን ራሴን ፊደል ያስቆጠርከኝ ያኔ ነው። ሴት ልጅ ምን ያደርግላታል ሲባል፣ ከበረት አጠገብ ቁጭ አድርገህ በከሰል እየጻፍክ አስተማርከኝ።

ግን ታዴ፣ መሬቱ ለመታደል አንድ ክረምት በቃው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ስንት ክረምት ፈጀ።

መጀመሪያ የሽማግሌዎቹ ሸንጎ ቀረ። ድንበር ሲገፋ፣ ደም ሲፈስ፣ ከክርስቲያኑም ከእስላሙም ተውጣጥተው የሚያስታርቁት ሰዎች አድኃሪ ተባሉ። በቦታቸው ጠመንጃ ያነገተ ሊቀመንበር ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ በሬ ማሳው የገባበት ሰው ካሣ መጠየቅ ተወ፤ ባለ በሬውን «ፀረ አብዮት ነው» ብሎ መጠቆም በቃው። አባቴንም መሣሪያ ደብቀሃል ብለው ወሰዱት። ያ መሣሪያ ከኔ መወለድ በፊት የተሸጠ ነበር። ውስጥ እግሩን እየገረፉ አምጣ አሉት፤ የሌለውን ከየት ያምጣ?

አንተ ያን ሰሞን ዘመቻህን ጨርሰህ ወደ አገርህ ልትመለስ መኪና ላይ ወጥተህ ነበር። ወሬውን ስትሰማ ወረድክ። ገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ገብተህ ያልካቸውን ሰይድ ደጅ ሆኖ ሰምቶታል። «አዋጁን ለዚህ ሕዝብ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ሰው ይገረፍ የሚል አንድም መስመር አላነበብኩም!» አልካቸው። አንተንም ይዘው ከአባቴ ጋር አንድ ክፍል አስገቡህ። መሬቱ የተወሰደበት ሰውና መሬቱን የወሰደው ሰው አንድ ሰሌን ላይ ተኛችሁ። እዚያ ውስጥ ምን እንደተባባላችሁ አንተም አልነገርከኝ፣ እሱም አልነገረኝ። እኔ ያየሁት ስትፈቱ ነው። አባቴ መራመድ አቅቶት ነበር፤ ክንዱን ትከሻህ ላይ ጥለህ፣ ዳገቱን እያረፋችሁ ስትመጡ አየሁ።

ከዚያ ወዲያ አገርህ አልተመለስክም። ትምህርት ቤቱ ውስጥ አስተማሪ ሆነህ ቀረህ። ጥቂት ዓመት ቆይተህም አባቴ ደጅ ሽማግሌ ላክህ፤ የሰይድን አባትና የደብሩን ቄስ። ቀረ የተባለውን ሽማግሌ አንተው መልሰህ አስቀመጥከው። አባቴ ከሽማግሌዎቹ ኋላ የቆምከውን አንተን አስጠርቶ ረጅም ጊዜ አየህ። «መሬቴን ስትወስድ አላስፈቀድከኝም። ለልጄ ግን ደጄ ቆመህ ለመንከኝ። ለምኖ የመጣን ሰው አልመልስም» አለህ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። አንተ ጎንበስ ብለህ ጉልበቱን ስትስም አይቻለሁ።

ያቺን ቃል እስክትሞት ይዘሃት ኖርክ። «የምንፈልገው ነገር ልክ ነበር፤ መጠየቅ አለማወቃችን ነው ያጠፋን» ትል ነበር። ለተማሪዎችህም እንደ ጓደኞችህ ስለ ጀግንነት አታወራም ነበር። ያዘመመ ቤት ሲያዩ መጀመሪያ የሚደግፉበትን ባላ እንዲፈልጉ ትነግራቸው ነበር። ክብሪት ማንም ይጭራል፤ ምሰሶ ለማቆም ግን ጎረቤት መጥራት ያስፈልጋል ትል ነበር።

ያ መንግሥት ደግሞ በተራው ሲወድቅ የሆነውን ታስታውሳለህ? ሕዝቡ ተጠራርቶ የሰፈራችንን ክሊኒክ ነቀለው። ድንጋዩን ተሸክሞ ያሠራው ያው ሕዝብ ነው፤ ግን የወደቀው መንግሥት ንብረት ነው ተባለ። አልጋው፣ ቆርቆሮው፣ በሩ ሳይቀር ሄደ። አንተ መንገድ ላይ ቆመህ «መንግሥት ሲወድቅ በሩን ምን አደረጋችሁት? በሩ የማን ነበር?» ትላለህ፤ የሚሰማህ የለም። በማግስቱ ሰይድን አስከትለህ ቤት ለቤት ዞርክ። አላስፈራራህም፤ ለመንክ። አንዱ ቤት የክሊኒኩ በር የፍየል ጋጣ መዝጊያ ሆኖ አገኛችሁት። ሴትዮዋ አፍራ «ፍየሎቼ ገብተው ጋጣውን በእሾህ እስክዘጋ ታገሱኝ» አለቻችሁ፤ ፍየሎቹ እስኪገቡ ተቀምጣችሁ ጠበቃችሁ። ሁሉም አልተመለሰም። በተመለሰው ግን ክሊኒኩ ተከፈተ፤ ኢዮብ ኩፍኝ የተከተበው እዚያ ነው።

አንተን ሁልጊዜ ትክክል ነበርክ አልልም። ኢዮብና እኩዮቹ ለተቃውሞ መንገድ በወጡ ጊዜ እራት ላይ የተጨቃጨቃችሁት ትዝ ይለኛል። «አባ፣ አንተ በኔ ዕድሜ አገር ገለባብጠህ እኛ ስንደርስ ነው ትዕግሥት የሚመጣው?» አለህ። «ስለገለባበጥኩ እኮ ነው የምነግርህ» አልከው። ልጁ ሥራ የለው፣ የሚሰማው ሹም የለው፤ ትዕግሥት ብቻ ብትሰጠው ምን ያድርገው? እኔም ጣልቃ ገብቼ «እናንተ ባትመጡ ሰይድ ዛሬም እኩል አራሽ ነበር» አልኩህ። እንጀራህን አስቀመጥክ። «እውነትሽን ነው። እዚያ ላይ መልስ የለኝም» አልክ። ከተናገርከው ሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ወደድኩህ።

አንተ ካረፍክ በኋላ ቆላው ታመሰ። መንገዱ ተዘጋ፤ ከጀውሃ ወዲያ ወሬ እንጂ ሰው አይመጣም ነበር። ተኩሱ ሲቀርብ እኛም ነጠላችንን ብቻ ይዘን ደብረ ሲና ወጣን። ብርዱን እንዴት ልንገርህ! የቆላ ሰው ጉም ውስጥ ተኮራምተን፣ ቁልቁል ወደ ቤታችን እያየን ከረምን። ስንመለስ የኛ ቤት ቆሞ አገኘነው፤ የብዙ ሰው ግን ነዶ ነበር። ከሁለቱም ወገን፣ ከክርስቲያኑም ከእስላሙም፣ ነዷል።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የመጣው። ወጣቶቹ ቅሬያችን ይከፈል አሉ። ክርስቲያኑንም እስላሙንም አንድ ላይ የሚያስቀብረው፣ አንተንም አፈር ያለበሰው ዕድራችን ለሁለት ይከፈል፣ እያንዳንዱ የራሱን ያቋቁም፤ ሽማግሌዎቹም ይውረዱ አሉ። ስብሰባ ተጠራ። ሰይድ አሁን ሰብሳቢ ነው፤ ጺሙ ነጭ ሆኗል፣ ያለ ምርኩዝ አይሄድም። ኢዮብ ከወጣቶቹ ጋር ተቀምጦ ነበር።

አንዱ ልጅ፣ ርቱዕ አንደበት ያለው፣ «የዛሬው ጊዜ አዲስ መሠረት ነው የሚፈልገው፤ አሮጌው ካልፈረሰ አዲሱ አይሠራም» ሲል፣ ታዴ፣ በዋርካው ሥር የሰማሁት ድምፅህ ጆሮዬ ላይ መጣ። ሳላስበው ተነሳሁ። ኢዮብ አንገቱን ደፋ።

«ልጆቼ፣ ቅሬው ጥፋት የለበትም አልልም» አልኩ። «ድንኳን መትከል የናንተ፣ መወሰን የሽማግሌ ብቻ ሆኗል። እኛንም ሴቶቹን ወጥ ሥሩ እንጂ ምን ታስባላችሁ ያለን የለም። ይህ ይስተካከል ካላችሁ እኔም ከናንተ ጋር ነኝ። ማፍረስን ግን ማስተካከል ብላችሁ አትጥሩት። እኔ በናንተ ዕድሜ ሽማግሌ ሲሻር አይቻለሁ። የተሻረው በእልልታ ነው። ወንበሩ ግን ባዶ ሆኖ አልቆየም፤ ጠመንጃ መጥቶ ተቀመጠበት። መጀመሪያ የገረፈው አባቴን ነው፤ ቀጥሎ ያሰረው እልል ያስባለውን ባሌን ነው።»

«እትዬ ዘውዴ፣ እርስዎ የሚያወሩት የድሮውን ነው» አለ ቤቱ የተቃጠለበት አንድ ልጅ። «የኔ ቤት ሲነድ ቅሬው የት ነበር?»

ሰይድ በምርኩዙ ተደግፎ ተነሳ። «ወላሂ ልጄ፣ መንገድ ላይ ነበርን። አትተኩሱ እያልን ስንጮህ ማንም አልሰማንም። አልደረስንልህም፤ ለዚህ አፉ በለኝ። ግን ያን ቀን ከዚያ ወገን ሆኖ ላንተ የጮኸ ሰው ነበር። ነገ፣ አላህ አያድርሰውና፣ ቢደገም፣ የሚጮህልህ እንዳይኖር ነው የምትፈልገው?» አለው።

ልጁ ፊቱን አዞረ። ቀጥሎ የተነሳው ኢዮብ ነው። እጁ ኪሱ ውስጥ እንዳለ፣ «መክፈሉን ዛሬ አንወስነው። መጀመሪያ ኮሚቴው ውስጥ እንግባ፤ ሴቶቹም ይግቡ። እንየውና ካልሆነ ያኔ እንነጋገራለን» አለ። እንዳንተ የሚያምር ንግግር አያውቅም ልጅህ። ግን ሰው ተቀበለው።

ቅሬው አልተከፈለም። ሰይድ ሰብሳቢ፣ ኢዮብ ምክትል ሆነዋል፤ በየስብሰባው ይጨቃጨቃሉ። እኔም ኮሚቴ ነኝ፤ ሳቅ እንጂ! ሁሉም ግን አልቀረም። ጥቂት ቤቶች ወጡ፤ ቤቱ የተቃጠለበትም ልጅ ወጣ። አልፈረድኩበትም።

ባለፈው ወር የዚያ ልጅ እናት አረፈች። ደንባችን ከቅሬ ለወጣ ሰው አይደረስም ይላል፤ ደንቡን ካወጡት አንዱ ሰይድ ራሱ ነው። ሞቷን ሲሰማ ግን ምርኩዙን አንስቶ መንገድ ጀመረ። ኢዮብና ጓደኞቹ የቅሬውን ዕቃ በባጃጅ ጭነው ተከተሉት። እኛም ሴቶቹ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ወጣን። ልጁ ደጁ ላይ ቆሞ ስንመጣ አየን። ሄደና የአጥሩን በር በሁለት እጁ ወለል አድርጎ ከፈተው።

ታዴ፣ አንተ ስትሞት ግማሹ ሰው «ቆራጥ አብዮተኛ ነበር» ብሎ አለቀሰልህ፤ ግማሹ «አብዮት የሚባል ነገር የሚጠላ ሰው» አለህ። ሁለቱም አልዋሹም። አንድ ቀን የልጅ ልጆችህ ሲጠይቁኝ አንዱን ደብቄ ሌላውን ብቻ አልነግራቸውም። ለድሃው የመሬቱን አዋጅ ስላነበብክለት እነግራቸዋለሁ፤ ኋላ ከመኪና ስለመውረድህም እነግራቸዋለሁ። መልአክ አድርጌ አላነሳህም፤ መልአክ ዞር ብሎ የሠራውን የሚያይበት ምክንያት የለውም። እንደ ሰው ነው የማስብህ፣ ትንፋሼ እስካለች ድረስ።

ዘውዴ