ዘሐራ ለእንግዶቹ ተነሳች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ኮምቦልቻ

ዛሬ የቀበሌው ሰዎች ቤታችን መጥተው ሄዱ። ሊቀመንበሩና ሁለት የኮሚቴ አባላት ናቸው። ማመልከቻውን ካስገባሁ ስምንት ወር አልፎታል። የጠየቅኩት ለባለቤቴ ለዘሐራ ብቻ አልነበረም። ከስብሰባ የቀረ ሰው ራሽን አይሰጠውም የሚለው ደንብ፣ እንደሷ ሕመሙ ሄድ መጣ የሚልባቸውን ሰዎች ሁሉ እንዳይመለከት ነው የጠየቅኩት። የደሴው ሐኪም መልቲፕል ስክሌሮሲስ፣ አካል የሚያደነዝዝ የነርቭ ሕመም፣ ብሎ የጻፈውን ወረቀትም አያይዣለሁ።

ዘሐራ ከአልጋ ሳትወርድ አሥራ ሁለት ቀን ሆኗታል። ሰዎቹ "አሰላሙ አለይኩም" ብለው ሲገቡ ግን የአልጋውን ቋሚ ይዛ ብድግ አለች። "ወአለይኩም ሰላም፣ ኖር! በሞቴ ግቡ" አለቻቸው፤ ሊቀመንበሩ እስኪቀመጥ ድረስም አልተቀመጠችም። እሱ ከላይ እስከ ታች አያት። ከዚያ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ "ቆማ ተቀብላናለች" ብሎ ጻፈ። ደጋግሜ ላስረዳው ሞከርኩ።

"ጓድ፣ እኛ የምንጽፈው በዓይናችን ያየነውን ነው" አለኝ።

እንደወጡ አልጋው ላይ ወደቀች። ለምን እንደተነሳች ጠየቅኳት።

"ታዲያ ሰው ቤቴ ሲገባ ተጋድሜ ልጠብቅ?" አለች።

ልቆጣ ፈልጌ ነበር፤ ቁጣው ግን አልመጣልኝም። ሁለተኛውን ማመልከቻ ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ቅባት አምጥቼ እግሯ ሥር ተቀመጥኩና ማሸት ያዝኩ። ሁለቱንም እግሯን አሽቼ ልጨርስ ስል ዓይኗን ገለጠች።

"ማሸቱን አልጀመርክም እንዴ?" አለችኝ።