ሰባተኛውን ሲምፎኒ የቋጩት የኖታ ገልባጭ የሕይወት ታሪክ

አባታችን ከጫማ ሰፊ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በአንዲት ክፍል ቤት ተወለዱ። በአንዱ ጥግ ቆዳ ይቀደዳል፣ በሌላው ጨርቅ። ለትምህርት ሲደርሱ በእጅ ጽሕፈት ከክፍላቸው የሚወዳደራቸው ጠፋ፤ ሂሳቡን ግን፣ እውነቱ ይነገርና፣ ባናነሳው ይሻላል።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው በከተማው ኦርኬስትራ የኖታ ገልባጭ ሆነው ተቀጠሩ። ሥራው ከሙዚቃው ደራሲ ወረቀት የእያንዳንዱን ተጫዋች ድርሻ ለየብቻ አውጥቶ መጻፍ ነው። ከመድረኩ ሥር፣ መስኮቷ የመንገደኛ ጫማ ብቻ በሚያሳይ ክፍል ውስጥ አርባ አንድ ዓመት ተቀመጡ። ተጫዋቾቹ «ጣተ ቀለም» ይሏቸው ነበር። ነፍሳቸው የአንድ ደራሲ ሲምፎኒዎች ነበሩ፤ እነዚያን አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጁትን፣ የትራምፔት ነፊዎችን ትንፋሽ የሚያሳጥሩትን። ስድስቱንም ከዳር እስከ ዳር ገለበጡ። ቫዮሊን ተጫዋቿን እናታችንንም ያገኟቸው የሦስተኛውን ድርሻ ሊያስረክቡ ሄደው ነው። ወንድሜንና እኔን ወለዱ።

ደራሲው ሰባተኛውን ሳይጨርሱ አረፉ። የኦርኬስትራው መሪ፣ ይኸው ከፊት ወንበር የተቀመጠው፣ የመጨረሻውን ክፍል ረቂቅ ለአባታችን ሰጥቶ «በንጹህ ገልብጥልኝ» አለ። አንቱታውን የነፈግኩት ረስቼ አይደለም። አባታችን ቢያዩት የሚገለበጥ ነገር የለም፤ ሠላሳ ስድስት መስመር ብቻ። ቀሪውን አራት ዓመት ሙሉ በወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ደረሱት፤ ስማቸውንም ከሥሩ ጽፈው አስረከቡ። ሲታተም ስማቸው የለም፤ «ያጠናቀቀው መሪው» ይላል። ለሥራው የተሰጠውን ኒሻንም እሱ አጠለቀ። አባታችን ቢጠይቁት «አንተ ገልባጭ ነህ፣ ገለበጥክ» አላቸው። ወይ ድፍረት!

ግን አንድ ነገር አመለጠው። ገልባጭ ገጹን የሚዘጋው በፋታ ላይ፣ ተጫዋቹ መጫወቱን ለአፍታ በሚያቆምበት ቦታ ነው፤ ተጫዋቹ እጁ ነፃ ሆኖ ወረቀቱን እንዲገልጥ። ለዚህ የሚጨነቅ የሙዚቃ ደራሲ የለም። አባታችንን ግን ሲደርሱም ልማዳቸው አልለቀቃቸውም። በዚያ የመጨረሻ ክፍል በስልሳ አራቱም ድርሻዎች የየገጹ ግርጌ ፋታ ነው፤ ሙዚቃውን ራሱን ወረቀት ለመግለጥ እንዲመች አድርገው ጻፉት። እንዲህ የሚሳሳት ገልባጭ ብቻ ነው። መሪው የሚገልጠው የራሱን ወረቀት ስለሆነ አላየውም፤ ተጫዋቾቹ ግን አወቁ። ስልሳ አንዱ ፈርመው፣ የወጥ ቤቱን ረቂቅ አያይዘው ለአሳታሚው ላኩ።

አባታችን በሳንባ ሕመም ሰባት ወር ተኝተው ባለፈው ማክሰኞ በሰባ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። የአሳታሚው መልስ ሐሙስ ደረሰ። በሲምፎኒው ላይ የመሪው ስም በአባታችን ስም ይተካል። ሁለት ቀን ቢቀድም ምን ነበረበት!

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና የኦርኬስትራው ተጫዋቾች በሐዘን ቀርተዋል። መሪው «የቅርብ ወዳጅ» ተብሎ እዚህ እንዲጻፍ ትናንት ሰው ልኮ ነበር። አልተጻፈም።

ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን ከደጋጎች ጎን ያስቀምጥልን። ይቅር በይ ያላችሁኝ ዘመዶቼ፣ አትቀየሙኝ። አባታችንም ይቅር ሳይሉት ነው የሞቱት፤ ይህን ታሪክ እሱ በተቀመጠበት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዳነብ ያዘዙኝም እሳቸው ናቸው።