አቶ ፔትዌይ በሌላ መኪና እንዲሳፈሩ ፈቃድ ስለመጠየቅ

ለኮርትላንድ መኪና ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ነው? ባለቤትዎስ፣ ልጆችዎስ፣ ሐይቅ ዳር ያለው ቤትዎስ? ሁሉም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ በቀር ደህና ነኝ። ጎረቤቴ አቶ ሉሸስ ፔትዌይ ግን ደህና አይደሉም። እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ ብሏል። ከአልጋ ተነስተው መስኮት እስኪደርሱ ድረስ ትንፋሻቸው ሲያፏጭ እኔ በረንዳዬ ላይ ሆኜ እሰማለሁ። እህታቸው እህት ኢውላ ከቶሌዶ መጥተው አንዴ ይጸልያሉ፣ አንዴ ይሳደባሉ። ሲጸልዩ የአቶ ፔትዌይን ስም ይጠራሉ፤ ሲሳደቡ የእርስዎን።

«የጎረቤትሽ ሕመም እኔን ምን አገባኝ?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ትንሽ ይታገሱኝ። ከትምህርት ቤት ወጥ ቤት የዋልኩ ሴት ነኝና ነገሬ እንደ ሾርባ ቀስ ብሎ ነው የሚፈላው።

የአቶ ፔትዌይ ኩላሊት ሥራ ካቆመ ቆየ። በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ሄደው ደማቸው በማሽን መታጠብ አለበት፤ ካልታጠበ ውሃው ሳንባቸው ውስጥ ይጠራቀማል። ባለፈው ሳምንት አንድም ቀን አልሄዱም። መኪና ጠፍቶ እንዳይመስልዎ። እኔ ትንሽ የጃፓን መኪና አለችኝ፤ የሆስፒታሉም ሚኒባስ እስከ ደጅ ይመጣል። ያልሄዱት የእርስዎ መኪና አልነሳ ስላለ፣ እሳቸው ደግሞ ከእርስዎ መኪና በቀር ማንም በሠራው መኪና ስለማይሳፈሩ ነው።

አበዱ እንዳይሉብኝ ምክንያቱን ልንገርዎ።

አባታቸው ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። በደህና ዘመን ሠርተው ቆጥበው፣ የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው ኮርትላንድ ሊገዙ ወደ መሸጫችሁ ሄዱ። ሻጩ በሩን እንኳ አልከፈተም፤ በመስታወቱ ማዶ ሆኖ «ለጥቁር አንሸጥም» አላቸው። እሳቸውም ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። መንገዱን ተሻግረው ጀርመናዊውን ሥጋ ሻጭ ለመኑት፤ ሰውዬው ሽርጡን አውልቆ ገባና በስሙ ገዛላቸው። አባትየው በማግስቱ ሚስትና ልጃቸውን አሳፍረው፣ ሻጩ አንገቱ እስኪዞር ድረስ መሸጫውን ዞሩት አሉ። ያን ጊዜ ነው ለትንሹ ሉሸስ «ከዚህ ወንበር ላይ ማንም አያስነሣህም፤ አንተም አትነሣለት» ያሉት። ሉሸስም ቃሉን ያዘ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተነሣም።

አድጎ እናንተው ፋብሪካ ገባ። ሥራው ምን እንደነበር ያውቃሉ? መኪናው ሁሉ አልቆ፣ ተወልውሎ ሲመጣ፣ አፍንጫው ላይ የኩባንያችሁን ምልክት፣ ያችን የብር ሽመላ የሚተክላት እሱ ነበር። እስከ ጡረታው ድረስ ይህንኑ ሠራ። በዚህ አገር መንገድ ላይ ካሉት ሽመላዎቻችሁ ስንቶቹ የአቶ ፔትዌይን አውራ ጣት እንደሚያውቁ እግዚአብሔር ይወቅ።

የድሮውን ፋብሪካ በር መቼም አያስታውሱትም፤ ያን ጊዜ እርስዎ ገና ተማሪ ሆነው የቤት ሥራ ይሠሩ ነበር። በሩ አጠገብ ያለው ማቆሚያ ለኮርትላንድ ብቻ ነበር። የሌላ ኩባንያ መኪና የያዘ ሠራተኛ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ጭቃው ውስጥ አቁሞ በእግሩ ይመጣል። የውጭ አገር መኪና የያዘማ ሲመለስ ጎማው ተንፍሶ ይጠብቀዋል፤ ማን አስተነፈሰው ተብሎም አይጠየቅም። አቶ ፔትዌይ ይህን ሕግ ቤታቸው ድረስ ይዘውት ነው የመጡት። የገዛ አማቻቸው ለምሥጋና ቀን ራት በጃፓን መኪና ቢመጣባቸው «ሐዲዱ ማዶ አቁመህ ና!» ብለው በበረዶ አስኬዱት። ይዞት የመጣው ተርኪ ዶሮ ቀዝቅዞ፣ አማቹ ቀዝቅዞ፣ ሁለቱም ባንድ ላይ ቤት ገቡ። ጡረታ በወጡ ቀንም በባልደረቦቻቸው ፊት «ከሽመላዋ በቀር የሚሸከመኝ የለም፤ ሬሳዬንም ቢሆን» ብለው ማሉ።

እንግዲህ እርስዎ በማስታወቂያ «ታማኝነት» እያሉ የሚዘፍኑት ነገር ይህ ነው። ሰው ሆኖ፣ እግሩ አብጦ፣ እኔ ቤት አጠገብ ተኝቷል። አቤቱታዬም እነሆ።

አንደኛ፤ መኪናዎ ስላለው ትሕትና አመሰግናለሁ። በሩ ሲከፈት በለስላሳ የሴት ድምፅ «እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ፔትዌይ» ይላል። ሊያስነሡት ሲሉ ደግሞ በዚያው ድምፅ «ይቅርታ፣ ይህ መኪና አሁን ሊነሣ አይችልም፤ አከፋፋይዎን ያነጋግሩ» ይላል። አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ የሆነ ሰው አይቻለሁ፤ መኪና ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በዝናብ መስኮቱን ራሱ ይከፍታል፤ በትንሣኤ ዕለት ዉድዋርድ ጎዳና መካከል ቀጥ ብሎ ሞተና ከነባርኔጣችን ገፋነው። በልመና የሚነሣበትም ጊዜ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ጭራሹን ዘጋ። አከፋፋያችሁም «መለዋወጫው አልመጣም፤ ግቢያችንም ሞልቷል» ብሎ በጎታች መኪና መልሶ ደጃቸው ላይ ጣለው። አሁን የጎረቤት ድመት ፀሐይ ትሞቅበታለች፤ እሷ ቅሬታ የላትም።

ሁለተኛ፤ ለላኩልን መጽሐፍ ምሥጋናዬ ወደር የለውም። አቶ ፔትዌይ መለዋወጫውን ከጠየቁ በኋላ አንድ ከባድ ሣጥን መጣ። በረንዳ ላይ ተሰብስበን በቢላዋ ከፈትነው። የኩባንያችሁ የመቶ ዓመት ታሪክ ነው! ወረቀቱ ፊት ያሳያል። የመሥራቹ ሪዝ አለ፣ ነገሥታት አሉ፣ የፊልም ተዋንያን አሉ። ሥጋ ሻጩ ግን የለም። በመስታወት ማዶ የቆመውም ሻጭ የለም። ክፉው ዘመን መጥቶ ሀብታሞቻችሁ ሲሸሹ፣ በጓሮ በር እየገዛ ያቆማችሁ ጥቁር ሕዝብም አንድ መስመር አላገኘም። አቶ ፔትዌይ እስከ መጨረሻው ገለጡትና ዘጉት። አሁን መጽሐፉ ከአልጋቸው ራስጌ ሥር ገብቷል፤ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ከፍ ብለው መተኛት አለባቸውና። ስለዚህ ታሪካችሁ ለማንም አልጠቀመም የሚል ቢመጣብዎ እኔን ለምስክርነት ይጥሩኝ።

ሦስተኛው ከሁሉ ያናደደኝ ነው። አከፋፋያችሁ «እስኪሠራ ድረስ በዚህ ይገልገሉ» ብሎ ምትክ መኪና ላከላቸው። የኮሪያ መኪና! የእናንተ ሠራተኛ፣ የእናንተን ሸሚዝ ለብሶ፣ ደረቱ ላይ ሽመላ ተጠልፎ፣ የኮሪያ መኪና እየነዳ መጣ። አቶ ፔትዌይ በመስኮት አዩት። ከዚያ «ሎርኔታ ልጄ፣ እነሱ ራሳቸው በኮርትላንድ ካልተቀመጡ እኔ የማልኩት ለማን ብዬ ነው?» አሉኝ። እርስዎ መልስ ካለዎት ይጻፉልኝ። ከዚህ ንግግር በኋላም ቢሆን አልተሳፈሩም፤ ሰውዬው ከነመኪናው ተመለሰ።

ክቡር ሆይ፣ ሰው የሰጠውን ቃል የተቀበለው ወገን ሲጥለው ምን ይባላል? እኔ ስሙን አውቀዋለሁ፤ በጋዜጣ አይጻፍም እንጂ። ፋብሪካውን ዘግታችሁ ስትሄዱ ለሠራተኛው ሁሉ «ስላገለገሉን እናመሰግናለን» የሚል ወረቀት ላካችሁ። መንገዳችን ላይ ያሉት ቤቶች እኩሌታቸው ከዚያ ወረቀት በኋላ ነው የጨለሙት። አቶ ፔትዌይ ያን ጊዜ እንኳ አልረገሟችሁም። ቢረግሟችሁ ኖሮ ዛሬ በእኔ መኪና ሆስፒታል ይሄዱ ነበር። እየገደላቸው ያለው ለእናንተ ያላቸው ፍቅር ነው፤ ይህንም በመቶ ዓመታችሁ መጽሐፍ ውስጥ ያስገቡልን።

ያልሞከርነው የለም። ከእሳቸው ጋር ፋብሪካ የሠራው ዲያቆን ሩፈስ ዛሬ የቀብር ድርጅት ሾፌር ነው፤ በሰፈሩ የሚነሣ ኮርትላንድ ያለውም እሱ ብቻ ነው፣ የሬሳ መኪናው። ማክሰኞ ዕለት አጥቦ፣ ወልውሎ ደጃፍ ላይ አቆመው። እህት ኢውላ በመጥረጊያ ተቀበሉት።

«ወንድሜን ገና ሳይሞት በሬሳ መኪና? አንተ ቀባሪ!»

«እህት ኢውላ፣ ከፊት ነው የማስቀምጣቸው እኮ!»

«ከፊትም ከኋላም! መንገዱን ያውቀዋል፤ ቀጥ ብሎ መቃብር ነው የሚወስደው!»

አቶ ፔትዌይ ከአልጋቸው ሆነው «ተዉት፣ ተራዬ ሲደርስ እጠራዋለሁ» አሉ። ሳቅን፤ ከዚያ ማንም ሳቁን አልጨረሰውም።

አራተኛ፤ ስልክ ደወልኩላችሁ። ሙዚቃችሁ ጥሩ ነው፤ ድስቴ እስኪያር ሰማሁት። በመጨረሻ አንድ ትሑት ወጣት አነሣ። «ሰው ሊሞት ነው» ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። ስጨርስ ያለኝ «ኩባንያችንን ለወዳጅዎ ይመክራሉ? ከአንድ እስከ አሥር ይስጡን» ነው። «ወዳጄን እኮ ነው የምትገድሉብኝ!» አልኩት። «አመሰግናለሁ፣ አንድ ብዬ ልመዝግበው?» አለኝ።

እንግዲህ የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። መለዋወጫውን እንዲልኩ አልጠይቅም፤ ተአምር የሚለመን ከእርስዎ ሳይሆን ከላይ ነው። አንድ ወረቀት ብቻ ይላኩልኝ፤ በሽመላ ማኅተማችሁ፣ በእርስዎ ፊርማ። እንዲህ ይበል፦ «አቶ ሉሸስ ፔትዌይ ሆይ፣ ለእኛ የማሉትን መሐላ እኛ ከእርስዎ ቀድመን አፍርሰነዋል፤ ስለዚህ በጎረቤትዎ መኪና ቢሳፈሩ ቅር አንሰኝም።» ከእኔ ቢሰሙት እምቢ ይላሉ፤ ከእናንተ ከመጣ ይነሣሉ። እባክዎ ይፍጠኑ። ሰኞ ቀጠሮ አላቸው፤ የሆስፒታሉ ነርስ «ይህ ካመለጣቸው አትደውሉልኝ፣ በቀጥታ ቄስ ጥሩ» ብላናለች።

ሽመላዎ ክንፏ ሳይሰበር፣ ወንበርዎ ሳይናወጥ፣ ሊፍትዎ በየፎቁ ሳይቆም ረጅም ዕድሜ እመኝልዎታለሁ። መኪናዎ ሲነሣ የዚያኑ ዕለት ለመታዘዝ ዝግጁ የሆንኩት፣

ሎርኔታ ስቶቫል
ዲትሮይት፣ ከአቶ ፔትዌይ ቀጥሎ ያለው ቤት

ከፊርማዬ በኋላ የምጨምረው፤ ደብዳቤዬን ሳልልከው ሰኞ ደረሰ። ከስልኬም በኋላ ከእናንተ ድምፅ የለም። ጠዋት ዲያቆን ሩፈስ መጣ፤ ኪሱ አብጧል። ደጅ ቆሞ ከነበረው መኪናዎ አፍንጫ ላይ ሽመላዋን ፈትቶ አምጥቷል። የቀብር ሰልፍ ሲሄድ ባንዲራ የሚቆምበትን ማግኔት ያውቁታል? በእሱ ላይ አጣብቆ፣ በእኔይቱ ትንሽ የጃፓን መኪና ግንባር ላይ ጣ! አደረጋት። እህት ኢውላ አዩና «እግዚኦ፣ ዶሮ በቅሎ ላይ ተቀመጠች» አሉ።

አቶ ፔትዌይን ደግፈን አወጣናቸው። የእሑድ ባርኔጣቸውን አድርገዋል፤ እግራቸው ላይ ነጠላ ጫማ። መኪናዬን አዩ፣ ሽመላዋን አዩ፣ ሩፈስን አዩ። አልተታለሉም፤ እኛም ሊታለሉ አልጠበቅንም።

«ማን ነው የተከላት?»

«እኔ» አለ ሩፈስ መሬት መሬት እያየ።

«ያን ሁሉ ዘመን አጠገቤ ቆመህ ምን ስታይ ነበር? ጠማማ ናት!»

ክንዳችንን አስለቀቁን። እየተንገዳገዱ ሄደው በአውራ ጣታቸው ትንሽ ገፉ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ፣ እንደገና ገፉ። ቀጥ አለች። ከዚያ የኋላውን በር ራሳቸው ከፍተው ገቡ። ማንም ግቡ አላላቸውም። መኪናዬ ባንዴ ተነሣች፤ እንኳን ደህና መጡም አላለች።

ማሽኑ ላይ ሆነው ደማቸው ሲታጠብ አጠገባቸው ተቀምጬ ይህን ደብዳቤ አነበብኩላቸው። ትንፋሻቸው መለስ ብሏል። «ፈቃድ የምትይውን ተዪው» አሉኝ፣ «ሽመላዋንም ይመልሱልን ብለው ከጻፉልሽ፣ ከእናንተ ዘንድ ሥራ ፈትታ ነበር፤ አሁን ሌላ ቦታ ተቀጥራለች በያቸው።»