በማርያም ደጃፍ የማለው ወንድምሽ

አስካልዬ፣ የትዳሬ ጓደኛ፣

ከተለየሽኝ ሦስተኛው ክረምት ገባ። መቃብርሽ ላይ ሣሩ ለምልሟል። ቀድሼ በወጣሁ ቁጥር አጠገብሽ እቆማለሁ፤ እንደ ድሮው ጸጥ ብዬ መቆም ግን አልቻልኩም። ጣልያን ሞላሌ ላይ ምሽግ ሲሠራ ሳታዪ በመሄድሽ አንዳንዴ እቀናብሻለሁ። ላሚቱ ወልዳለች። ጣራችን ያፈሳል። የጓሳን የጋራ ሣር በመሐላ ይጠብቁ የነበሩት ሰዎች ራሳቸው እያጨዱ ለምሽጉ በቅሎዎች ስለሚሸጡት፣ ለክዳን የሚሆን ጠፋ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ወንድምሽ ስለ ደምሴ ነው።

እሱና ጎረቤታችን ወልዴ በእርሻ ወሰን ሲጣሉ መሀል ገብተሽ የምታስታርቂያቸው አንቺ ነበርሽ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አስታራቂ አጡ። ዓምና በሰኔ የጣልያን ወታደሮች፣ ሶላቶዎቹ፣ መጥተው ወልዴን «ጠመንጃ ደብቀሃል» ብለው አስረው ወሰዱት፤ ቤቱንም አቃጠሉት። ጠመንጃ አልነበረውም። ሁሉም ደምሴን ጠረጠረ። ሽማግሌዎች ሲጠይቁት የማርያምን በር ይዞ፣ «ጠቁሜ እንደሆነ እህል አይብቀልልኝ» ብሎ በፊቴ ማለ።

እህሉ በቀለለት። ገብሱ ከሁላችንም በለጠ፤ የወልዴንም ማሳ ገፍቶ አረሰ። ጎረምሶች ዓርብ ቀን ከምሽጉ የመጣ የቆርቆሮ ሥጋ እየበሉ፣ «መሐላ ድሮ ቀረ፤ ማርያምም ጣልያንን ፈርታለች» እያሉ ሲሳለቁ በጆሮዬ ሰማሁ። እኔም፣ ከአንቺ ምን እደብቃለሁ፣ መብረቅ ስጠብቅ ነበር። ሰማዩ ዝም አለ። ያ ዝምታ እንቅልፍ ነሣኝ።

በግንቦት የማርያም ጽዋ እናትሽ ቤት ሆነ። ደምሴም መጣ። የወልዴ ሚስት ጽጌም መጣች፤ ቤቷ ከተቃጠለ ጀምሮ ከዘመድ ተጠግታ ነው የምትኖረው። ጽዋው ዞሮ ደምሴ ጋ ሲደርስ ከእጁ ነጠቅሁት።

«በሐሰት የማለ አፍ ከዚህ አይጠጣም!» አልኩ።

ሰዎቹ የተቆጡት በእኔ ነው። የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አባታችን፣ ይተዉት እባክዎ። ለምሽጉ ቢናገር እኛም እንቃጠላለን» አለኝ። ደሜ ፈላ። በማርያም ስም ተሰብስቦ ሶላቶን የሚፈራ ማኅበር!

ያን ጊዜ ጽጌ ከጥጉ ተነሣች።

«አባ፣ ይስጡት» አለች። «ይጠጣ። ግን እኔን እያየ ይጠጣ።»

ሰጠሁት። ደምሴ ቀና ብሎ አያት። ጽዋውን ወደ አፉ ሲያነሣ ጠላው ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ። «አልችልም» አለ። «የጠቆምኩት እኔ ነኝ።» ጽዋውን መሬት አስቀምጦ ወጣ። እናትሽ ስሙን እየጠሩ እስከ አጥሩ ተከተሉት፤ ዞሮም አላየ። በማግስቱ ምሽጉ ገብቶ፣ «ወልዴ ላይ የተናገርኩት ውሸት ነው» ማለቱን አስተርጓሚው ገበያ ላይ አወራው።

ሰኔ ሲገባ ወልዴ ተፈታ። ከስቶ፣ እያነከሰ መጣ። አገሩ በእልልታ ተቀበለው፤ እኔም አለቀስኩ። ከምሽጉ ስላልወጣው ስለ ደምሴ ግን አንድም ሰው አልጠየቀም። ምሽጉ ድረስ ሄጄ ብለምን ዘበኞቹ በዱላ መለሱኝ። ከገበያ ሰው አንዱ በመኪና ወደ ደብረ ብርሃን ወሰዱት ይላል፤ ሌላው ገደሉት እንደማለት ጣቱን በአንገቱ ላይ አሳልፎ ያቀረቅራል።

አስካልዬ፣ ፊት የተቆጣሁት በእሱ ነበር። አሁን ቁጣዬ የት እንደሚያርፍ አላውቅም። ሲዋሽ ፈርተው ያከበሩት ሰዎች እውነት ሲናገር ረሱት። ይህንኑ ከቅዳሴ በኋላ ቆሜ ተናገርኩ። በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ግማሹ ባዶ ነበር። ወልዴ ግን ምርኩዙን ይዞ መጣ፤ ከጽጌ ጋር እስከ መጨረሻው ቆመው አስቀደሱ። እነሱን ሳይ ትንሽ ተነፈስኩ፤ ማታ ደግሞ ያው መገላበጥ ነው።

እናትሽ በየጠዋቱ ደጄ መጥተው፣ «ልጄ አለ ወይ?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

ስምሽን በየቅዳሴው እጠራለሁ፤ አንቺን እስክከተል አልተወውም። የደምሴን ስም ግን ከሕያዋን ጋር ልጥራው ወይስ ከሙታን፣ የሚነግረኝ አጣሁ። ስለዚህ ሁለት ጊዜ እጠራዋለሁ፤ አንዱን ከእናትሽ ስም ቀጥዬ፣ አንዱን ከአንቺ።