ጥላዋን ለምን ቆለፈባት?

ሰኞ

ጨረስኳትና አልጋው ላይ ወረወርኳት። ወዲያው አነሣኋት፤ የንባብ ክበቡ መጽሐፍ ናት፣ የኔ አይደለችም።

ስልሳ አራት ገጽ ብቻ ናት። አንዲት ልጅ አለች፤ ጥላዋ ከእግሯ ተላቆ ብቻውን ይሄዳል። ተራራ ተሻግሮ ያየውን መጥቶ ይነግራታል። ጠላት ሲመጣ ቀድሞ አይቶ አገሩን ያዳነው እሱ ነው። እንዴት ደስ ይላል! መጨረሻው ላይ ግን ታገባለች። ባሏ ጥላዋን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። እሷም እጁን ስማ ታመሰግነዋለች። አለቀ።

ታመሰግነዋለች!

ማክሰኞ

ደራሲው ቅዳሜ ከአዲስ አበባ በባቡር ይመጣሉ። አስተያየት አቅራቢዋ እኔ ነኝ። የክበቡ ሊቀመንበር አቶ መስፍን፣ ጣቢያው ላይ ቲኬት የሚቆርጡት፣ የፋብሪካ ሴት ስታነብ እንግዳው ደስ ይላቸዋል ብለው ነው የመረጡኝ። የጻፍኩትን አነበብኩላቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«አስቴር፣ ሰውየው እንግዳችን ናቸው። መጨረሻውን ዝለዪው።»

«እሳቸው ዘለውት ቢሆን እኔም እዘለው ነበር» አልኳቸው።

ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ።

ረቡዕ

አቶ መስፍን ራሳቸው የጻፉትን አስተያየት ላኩልኝ። «በተዋበ ብዕር» ይላል። አላነበውም።

የሚያስፈራኝ፦ እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ። ደራሲው ውጭ አገር የተማሩ። አቶ መስፍን ከክበቡ ቢያስወጡኝ መጽሐፍ ከየት አገኛለሁ? ደግሞስ ሳይገባኝ ቀርቶ ቢሆን?

መጨረሻውን ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ገብቶኛል።

ሐሙስ

በምሳ ሰዓት ታሪኩን ለእትዬ ዘነበች ነገርኳቸው። ክር መፍተያው ላይ ጎን ለጎን ነው የምንሠራው፤ ማንበብ አይችሉም። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ባሏ ምን ሆኛለሁ ብሎ ነው የቆለፈው?»

«መጽሐፉ አይናገርም።»

«እንግዲያ የጻፈውን ሰውዬ ጠይቂዋ!»

ሦስት ገጽ ሙሉ የጻፍኩትን ቀደድኩ። አንድ ጥያቄ ይበቃል።

ቅዳሜ

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ደራሲው ቀጭን፣ ትሑት ሰው ናቸው፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። መጀመሪያ ጥላው ተራራ የሚሻገርበትን ቦታ አመሰገንኩ፤ ከልቤ ነው። ከዚያ «ባሏ ጥላዋን ለምን ቆለፈባት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ወይዘሪት፣ ምሳሌ ነው። ጥላው ምኞት ነው። ምኞት ደግሞ ልጓም ይሻል።»

«የባሏ ምኞትስ የት ተቆለፈ?»

ከኋላ ሴቶች ሳቁ። አቶ መስፍን «ሰዓት ደርሷል» ብለው ተነሡ። እኔ ግን አቶ መስፍን እስኪቀመጡ አልተቀመጥኩም።

ደራሲው ሳይሰናበቱኝ ወደ ባቡሩ ሄዱ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን አስቀድሼ ስመለስ አቶ መስፍን በራችን ላይ ቆመዋል። መጽሐፉን ሊቀበሉ ነው የመጡት።

«ከእንግዲህ አስተያየት አታቀርቢም።»

«አንባቢነቴን ግን አይነሡኝም።»

ከዚያ ነገሩኝ፦ ደራሲው ባቡሩ ላይ ሊወጡ ሲሉ «እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም» ብለው ነበር።

«ተቆጥተው ነው?»

«እንጃ። ሌላ ቃል አልተነፈሱም።»

መጽሐፉን ስሰጣቸው ወደ መሬት አዩ።

«ባለቤቴ ናት አምጣልኝ ያለችኝ» አሉ።

መጨረሻው ገጽ ላይ በእርሳስ «ሳጥኑን ስበሪው» ብዬ ማታ ጽፌ ነበር። መጽሐፉን ላመጣላቸው ስገባ ላጲስ በእጄ ነበረ። አላጠፋሁትም።